ፍልሰታ በኢልሀም ቤት

መካነ ሰላም
ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኢልሀም፤

ሰላምሽ ይብዛልኝ። አንቺ፣ ባለቤትሽ ያሲንና ልጃችሁ ሱሀይላ ደህና ናችሁ? እኛ አንድ ሰው ጎድሎብን ደህና ነን። ልጄን ሐረግን አንቺ ጋ ትቼ ከተመለስኩ ወዲህ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ስንት ዓመት «እባክሽ ዝም በይ» ስላት ኖሬ፣ አሁን ዝምታው አላስቀምጥ አለኝ።

ኔትወርኩን ተይው፤ መጣ ሲባል ይሄዳል። ቢመጣም እኔ ቤት በስልክ ማውራት መሐል ገበያ ላይ ቆሞ ማውራት ነው። አማቴን እማማ አልታዬን ታውቂያቸው የለ? አይናቸው ደክሟል ይላሉ እንጂ ጆሯቸው ገና ጎረምሳ ነው። ስለዚህ እንደ ተማሪነታችን ደብዳቤ ይሻለናል። ሚኒባሱን የሚነዳው አለኸኝ እጅ በእጅ አደርሳለሁ ብሎኛል። ወሬ ይወዳል እንጂ ፖስታ አይከፍትም።

መስመሩ ሳይቋረጥ «ፈንታሁን እንዴት እሺ አለ?» ብለሽኝ ነበር። እሺ አለ ማለት ይከብዳል። ባሌ እህል ሲገዛ ጆንያውን ከላይም ከታችም ሳይበሳ የማያምን ሰው ነው። የደሴው ሐኪም ያሉትንም እንደዚያው በስቶ በስቶ ነው የሰማው። «ልጅቱ ሰነፍ አይደለችም፤ ከተፈጠረች ጀምሮ ሐሳቧን አንድ ነገር ላይ ማቆየት ይቸግራታል። ስትሰደብና ስትገረፍ በመኖሯ ደግሞ ድባቴ ያዛት» ብለው ሲያስረዱት፣ «እኔም ስማር ይገርፉኝ ነበር፤ ቁጭ ብዬ ተማርኩ» አላቸው። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «ስንተኛ ክፍል ላይ ተዉት ታዲያ?» አሉት። ስድስተኛ ላይ ነው የተወው። 

አሁን ውላችን ይኸውልሽ። አንቺ ጋ ሆና ሕክምናዋን እንድትከታተል እስከ መስከረም ጊዜ ሰጥቶኛል። ከዚያ በፊት አንድ መጥፎ ነገር ከሰማ መጥቶ ይወስዳታል። እናቱ ከወግዲ ወዲያ ካለ ጠበል ቦታ አዘጋጅተውላታል፤ ትምህርቷን ትታ ዓመቱን ሙሉ እዚያ ትቀመጣለች፣ ኪኒን የሚባል ነገር ይዛ አትገባም። ጠበል ጠልቼ እንዳይመስልሽ፤ እኔም ያደግኩት በጠበል ነው። ግን ልጄ ኪኒኑን ከጀመረች ወዲህ፣ ሰኔ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ቀልድ ስትስቅ ሰማኋት። ይኼ እንዳይቋረጥብኝ ነው።

አያያዟን ጠይቀሽኝ የለ? «ሳህኑን አንሺ፣ በሩን ዝጊ፣ ሱሀይላን ጥሪ» ብለሽ አከታትለሽ ካዘዝሻት በሩ ላይ ቆማ ትቀራለች። አንዱን በያት፤ ስትጨርስ አመስግኛት፤ ከዚያ ሌላውን። ስታጠና ቆም ዞር ብትል አትቆጪያት። ኪኒኑ ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር ነው።

«ያልነገርሽኝ ነገር አለ ወይ?» ላልሽው ምን ይኖራል ብለሽ ነው! ሁሉንም ነግሬሻለሁ።

ለጎረቤት የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ልትማር ደሴ ሄደች ብያለሁ። ጎረቤቴ ብዙዬ አላስቀምጥ አለችኛ! «ለእኔም ልጅ ቦታ ያዢልኝ፤ አስተማሪው ጎበዝ ነው?» እያለች በየቀኑ ትመጣለች። ውሸት ሲጀመር ቀላል ነበር።

እህትሽ ሰብሌ

*

ደሴ
ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ሰብልዬ፤

አብሽሪ! መጀመሪያ ይህን ልበልሽና ልቀጥል፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ትንፋሽሽ ሲቆራረጥ ሰማሁት። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጅሽም ደህና ነች።

«ትበላለች ወይ?» ላልሽው ትበላለች፤ ግን በሰዓቷ ነው፣ ጾመኛ ነቻ! ያሲን የልብስ ስፌት ቤቱን ግማሽ ሰጥቷታል። ቆማ ቁልፍ ትለያለች፤ ነጩን ከነጭ፣ ጥቁሩን ከጥቁር። አንድ ደንበኛ «ይቺ ልጅ አትቀመጥም እንዴ?» ቢለው፣ ያሲን «አንተ ተቀምጠህ ምን ሠራህ?» አለው። ሰውዬው ሱሪውን ሳይለካ ሄደ፤ ኋላ ተመለሰ እንጂ።

የፍልሰታዋን ነገር ልንገርሽ፣ ትኮሪያለሽ። ነሐሴ አንድ ሲገባ «እትዬ ኢልሀም፣ እኔ እቆርባለሁ» አለችኝ። ጎረቤታችን የሻለም በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን ይዛት ትሄዳለች፤ ቅዳሴ ወጥተው የሚመለሱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ውሃ እንኳ በከንፈሯ አይዞርም። እኔም አዲስ ድስት ገዛሁላት፤ ሥጋ የነካው ዕቃ እንዳይቀርባት። ያሲን ደግሞ «ረመዳን ላይ ክርስቲያኑ ፊታችን አይበላም፤ እኛ እሷ ፊት ልናኝክ ነው?» አለና ቁርሳችንን ጓዳ ገብተን እንደ ሌባ ነው የምንበላው።

ሱሀይላ ትተዋታለች ብለሽ ነው? «ውሃም አይጠጣም?» አለቻት።
«ውሃም!»
«እንግዲያው ከእኛ ጋር ረመዳንን ጹሚያ፣ ለምደሽዋል።»
«አንቺ መጀመሪያ አንዲት ቀን ፍልሰታ ጹሚና እናውራ።»
ሱሀይላ በማግስቱ ሞከረች። አራት ሰዓት ሳይሞላ ዳቦ ይዛ ሽንት ቤት ውስጥ ተያዘች። ሐረግ እስክትወድቅ ሳቀች።

ኪኒኑ ሻንጣዋ ውስጥ ነው። ትልቅ ልጅ ነች፣ ታውቀዋለች። እኔ እንኳን ኪኒን ይዤ ልቀርባት፣ ጠዋት ጠዋት እንዳላስቀይማት አፏ አካባቢ አልደርስም። አንድ ቀን ልጅሽ አድጋ «ጾሜን ያስፈታችኝ እስላሟ ኢልሀም ነች» እንድትል አልፈልግም።

ሰሞኑን ትንሽ ዝም ብላለች። ከጾሙ ይሆናል፤ እኛም ረመዳን መጨረሻ ላይ እንዲሁ ነን።

ኢልሀም

*

መካነ ሰላም
ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢልሁዬ፤

ደብዳቤሽን ከአለኸኝ ተቀብዬ መንገድ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ቁርስ ተደብቃችሁ መብላታችሁን ሳነብ አለቀስኩ። ምን ብዬ ላመስግንሽ? ያሲንን እግሩን ሳሚልኝ።

የጾሟን ነገር ለእማማ አልታዬ ነገርኳቸው። አንቺ፣ ምነው ባልነገርኳቸው! እልልታቸው እስከ ሦስተኛ ግቢ ተሰማ። «ስሙኝ ጎረቤቶቼ! የልጅ ልጄ በእስላም ቤት ፍልሰታን ያዘች! ውሃ አትቀምስም አሉ!» ብለው ደጅ ወጡ። ብዙዬ ሮጣ መጣች፤ «እንግሊዝኛውስ?» አለች። «በጾም ነው የሚገባት» አሏት እማማ።

ፈንታሁን ራሱ ፈገግ አለ። «ኢልሀም ሰው ነች» አለ። ከእሱ አፍ ይኼን መስማት ቀላል አይደለም። «አየሽ፣ ስትጾም ልቧ ተሰበሰበላት፤ በሽታ ብትሆን ይኼን ትችለው ነበር?» ሲለኝ ግን ደስታዬ ትንሽ ጎመዘዘኝ። እሱ እንዲህ ሲያስብ መልካም ነው ወይስ መጥፎ? እንጃ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «ዝም ብላለች» ያልሽውን አልወደድኩትም። ሐረግ ዝም ስትል ከጾም አይደለም። ምን ያህል ዝም? ስትጠሪያት ትሰማለች? ፀጉሯን ለመሠራት እምቢ ትላለች? ልብስ ሳትቀይር ትውላለች? እነዚህን አይተሽ ጻፊልኝ።

ደግሞ ብቻዋን አትላኪያት። ሱቅም ቢሆን። ምክንያቱን አትጠይቂኝ፤ መንገዱን ስለማታውቀው ነው።

አለኸኝ ጥሩምባውን እያንባረቀ ነው። ቶሎ መልሽልኝ።

ሰብሌ

*

ደሴ
ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰብልዬ፤

ሰላም ነሽ? አሳጥሬ ነው የምጽፍልሽ፤ አለኸኝ ዛሬ ቸኩሏል፣ ዝናቡ ሳይብስ አቀስታን ልለፍ ይላል።

ሐረግ ቤት ነች። ጉንፋን ቢጤ ይዟት ተኝታለች። ያሲን አጠገቧ ተቀምጦ ዚፕ ይጠግናል። ፀጉሯን ትናንት ሠራኋት። ሱሀይላ ሰላም ብላሻለች።

ከትናንት ወዲያ ሐኪም ቤት ነበርን። የተለመደው ክትትል ነው። ደህና ናት ብለውናል፤ ማለቴ ደህና ትሆናለች ብለውናል።

ለሌላው ጥያቄሽ አሁን አልመልስም፣ ይቅር በይኝ። እኔ ግን አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ። ሐምሌ ላይ ጠይቄሽ «ምን ይኖራል ብለሽ ነው» ብለሽ አልፈሽኛል። ሐረግ ከዚህ በፊት ከቤት ወጥታ ታውቃለች? ወጥታ ከሆነ የት ተገኘች? ምን አለች? በአላህ ይዤሻለሁ፣ አታስውቢልኝ። እንዳለ ጻፊው። ሐኪሙ ማወቅ አለብኝ ብለዋል።

በዚህ ሳምንት ፈንታሁንን አትላኪው። መንገዱ መጥፎ ነው በይው።

ኢልሀም

*

መካነ ሰላም
ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢልሀም፤

ይህን ስታነቢ ፈንታሁን ደጃፍሽ ላይ ነው። አንድ መኪና ውስጥ ናቸው፣ እሱና ደብዳቤው። እሱ ጋቢና ተቀምጧል፣ ደብዳቤው በአለኸኝ የፀሐይ መከላከያ ላይ ተሰክቷል። አብሬህ ልሂድ ብለው «አንቺ እዚሁ ቆዪ» ብሎኛል።

ወሬው እንዴት እንደደረሰ ልንገርሽ። የጎረቤትሽ የየሻለም ወንድም ለለቅሶ እዚህ መጥቶ ነበር። ድንኳን ውስጥ ከብዙዬ ጎን ይቀመጥልሽ! «እዚያ እኅቴ ሰፈር ከእስላሞቹ ቤት ያለች የመካነ ሰላም ልጅ ጠፍታ ከተማው ሁሉ ሲፈልጋት ዋለ» ይላታል። ብዙዬ እራቷን እንኳ አልበላችም፤ በቀጥታ እማማ አልታዬ ጋ ነው የመጣችው። እማማ ራሳቸውን ይዘው ጮሁ። ፈንታሁን ጫማውን አወጣና መወልወል ጀመረ። ያኔ ነው የፈራሁት።

የጠየቅሽኝን እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ ለሐኪሙም አሳዪው።

ግንቦት ላይ ነው። አስተማሪዋ ክፍሉ ፊት አንበርክኳት «ይቺን አይታችሁ ተማሩ» አላቸው። ከትምህርት ቤት ወጣች፤ ቤት አልመጣችም። ማምሻውን እንጨት የሚሸከሙ ሴቶች ከከተማው በታች ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጣ አገኟት። እግሯን ወደ ታች አንጠልጥላ። «ምን ትሠሪያለሽ?» ቢሏት «እዚህ ማንም አይጮህብኝም» አለቻቸው። ከሴቶቹ አንዷ እያጫወተች እጇን እስክትይዝ ድረስ አልተነሣችም። እኔ ጋ ሲያመጧት፣ «እማ፣ ልወርድ አስቤ ነበር፤ ግን ነጠላሽን ለብሼው ነበር፣ ይቆሽሻል ብዬ» አለችኝ።

ሴቶቹን በማርያም ብዬ ለመንኳቸው፤ ለማንም አልተናገሩም። ፈንታሁን ከላላ ገበያ ነበር፤ አልነገርኩትም። ሐኪሙን «አዝናለች፣ አትበላም» ብቻ ነው ያልኳቸው። አንቺንም ዋሸሁሽ። አንዴ ይህ ነገር ከተሰማ ልጄ በሕይወቷ ሙሉ «ያቺ የገደሏ» ትባላለች፤ ማን ያገባታል፣ ማን አጠገቧ ያስቀምጣታል አልኩ። ስሟን ላድን ስል ነው መንገዱን ሁሉ የዘጋሁት።

አሁን ከእኔ የደበቅሽውን ንገሪኝ። ልጄ በሕይወት አለች?

ሰብሌ

*

ደሴ
ነሐሴ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰብልዬ፤

አለች። በሕይወት አለች። ይህን የምጽፈው እግሯ ጭኔን ተደግፎ ነው፤ ሱሀይላ ያስተማረቻትን ጨዋታ በጣቷ ትጫወታለች። ባለፈው ደብዳቤዬ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይህን መጻፍ ነበረብኝ። አፉ በይኝ።

አሁን ጥፋቴን ስሚ።

ልጅሽ ከነሐሴ አንድ ጀምሮ አንዲት ኪኒን አልዋጠችም። ኪኒን በውሃ ነው የሚዋጠው፣ ውሃ ደግሞ ጾም ይፈታል፣ የሚቆርብ ሰው ደግሞ ምንም አይቀምስም። እሷ ይህን ራሷ አስባ አስባ ጨረሰችው። ከሰዓት በኋላ ልትውጠው ትችል ነበር፤ ግን ጠዋት የተባለ ነገር ጠዋት ካለፈ ለእሷ አለፈ ነው፣ ታውቂያታለሽ። እኔስ? እኔ አየሁ። ብልቃጡ እንደማይቀንስ አየሁ ሰብሌ! አይቼም ዝም አልኩ። በክርስቲያን ልጅ ጾም ውስጥ እጄን ማስገባት ነውር መሰለኝ። «ልጅቱን ወስዳ ጾም አስፈታቻት» እንዳልባል ፈራሁ። አክብሮት መስሎኝ ነበር።

ነሐሴ ዘጠኝ የሻለም ከቅዳሴ ብቻዋን መጣች። «ሐረግ ቀድማኝ አልመጣችም?» አለች። ያሲን የሰው ሱሪ ስፌት መኪናው ላይ ጥሎ ወጣ። የሰፈሩ ልጅ፣ ሽማግሌው፣ የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ሰው ወጣ። ወደ ጦሳ ተራራ በሚወጣው መንገድ፣ ዝናብ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ያሲን አገኛት።  ኮቱን አልብሷት አጠገቧ ተቀመጠ፤ አብሯት በሰበሰ። በመጨረሻ እሷ ናት የተናገረችው፤ «ጋሽ ያሲን፣ እኔ ባልኖር ሱሀይላ አልጋዋ ይሰፋላት ነበር» አለችው።

በዚያው ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሙ ኪኒን በድንገት ሲቋረጥ እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ነገሩን፤ በዚያው ቀን አስጀመሯት። ብቻዋን እንዳትሆን፣ እንዳንጮህባት፣ ሞት ሞት የሚል ሐሳብ ይመጣብሽ እንደሆን ብለን ሳንፈራ እንድንጠይቃት አሉን። «መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምረውም፣ ብቻዋን እንዳትሸከመው ያደርጋል» አሉን። አሁን ጠዋት ጠዋት እጠይቃታለሁ። ትናንት «ዛሬ ትንሽ ብቻ» አለችኝ። የገደሉንም ነገር ለሐኪሙ አነበብኩላቸው። «ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ኪኒኑን በእጃችሁ እንድትሰጧት አዝ ነበር» አሉ። አልወቀሱሽም።

ፈንታሁን መጣ። ሰላም ብሎ ቁጭ አልልም አለ። «የሰው ልጅ የሚጠበቀው እንዲህ ነው?» አለኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ኪኒኗ ተቋርጦ ነው የባሰባት፤ ፍረድብኝ እንጂ በኪኒኑና በልጅቱ አትፍረድ» አልኩት።
«ኪኒን ያስለመዳት ማን ሆነና?» አለ።
ሐረግ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

የእህል ጉዳዩን ጨርሶ ሰኞ ይዟት ይወጣል፤ ቤታችሁም አያሳርፋትም፣ በዚያው ወደ ጠበሉ ነው። አባት ነው፤ እኔ ልከለክለው አልችልም። ኪኒኑን ኮቱ ኪስ ውስጥ እከትለታለሁ፤ ይጥለው ይሆናል፣ አላውቅም። ገደሉን አልነገርኩትም። ይህ ከአንቺ አፍ መውጣት ያለበት ነገር ነው። ሰብልዬ፣ ከሰኞ በፊት አንድ ነገር አድርጊ።

ኢልሀም

*

አቀስታ
ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢልሁዬ፤

ብርዱ እጄን ይዞኝ ፊደሌ ቢበላሽ ይቅር በይኝ። አልጋ ቤት ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ከየት ልጀምር?

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ እማማ አልታዬን «ተነሡ፣ አባታችን ጋ እንሂድ» አልኳቸው። የንስሐ አባታችንን ቄስ ዋለን ማለቴ ነው። እማማ ደስ አላቸው፤ እኔን ሊከሱ የሄዱ መሰላቸው። ገና ሳንቀመጥ «አባቴ፣ ምራቴ ልጅቷን በኪኒን ልታደርቅብኝ ነው!» አሉ።

እኔ ያን ጊዜ ገደሉን ተናገርኩት።  ግንቦትን ነገርኳቸው፣ ጦሳን ነገርኳቸው፣ ኪኒኑ ለምን እንደተቋረጠ ነገርኳቸው። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎረሱት።

ቄስ ዋለ ወደ እማማ ዞረው፣ «አልታዬ፣ የደም ግፊትሽን ኪኒን በዚህ ፍልሰታ ዋጥሽ ወይስ አልዋጥሽም?» አሏቸው።
«ዋጥኩ እንጂ! እርስዎ አይደሉ እንዴ፣ ካልዋጥሽ አልፈታሽም ብለው ያስፈራሩኝ?»
«ታዲያ ለዚች ልጅ ኪኒኗን ትታ እንድትጾም ማን ፈቀደላት? ማን መጥቶ ጠየቀኝ?»
 እኔም ልጄ ታማ ትጹም አትጹም ብዬ የንስሐ አባቴን አልጠየቅኩም፤ ጠይቄ ቢሆን መታመሟ ይታወቅ ነበር። «ትጠመቅ፤ ኪኒኗንም ትዋጥ። ኪኒንሽን ጥለሽ ግቢ የሚላት ካለ መጀመሪያ እኔን ያናግር» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙን።

 በማግስቱ እማማ ጠበል በሃይላንድ ሞልተው አመጡልኝ። «ለኢልሀም ስጪያት፤ ልጄ ኪኒኗን በዚህ ትዋጠው» አሉኝ። ጠርሙሱ አጠገቤ ነው። ቤትሽ የት እንደምታስቀምጪው አንቺ ታውቂያለሽ።

ትናንት ከአለኸኝ ጋር ወጣሁ። ከአቀስታ ወዲያ መንገዱ ተንዶ ከደሴ የመጣው ሁሉ እየተሻገረ በእግሩ ይገባል አሉን። ዛሬ አልጋ ቤቶቹን አንድ በአንድ ስጠይቅ፣ የአንዱ ባለቤት «አንድ ኮስታራ ሰውዬና አንዲት ክፍሉን ስትዞር የዋለች ልጅ አሉ» አለችኝ።

በሩን ስከፍተው ፈንታሁን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሐረግ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ትላለች። ጠብ ስጠብቅ «መጣሽ?» ብቻ አለኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ዝናብ ይዟቸው ብቻቸውን ነበሩ። ልጄ ከተወለደች ጀምሮ ከአባቷ ጋር ይህን ያህል ጊዜ ተቀምጣ አታውቅም። እሱም አይቷት አያውቅም ነበር ማለት ነው።

«ኪኒኑን ጣልከው?» አልኩት። እስኪመልስ ድረስ የሆንኩትን አንቺ ታውቂዋለሽ።

«ሰጠኋት» አለኝ።
«አንተ?»
«ራሷ ጠየቀችኝ። ጠዋት ተነሥታ 'አባዬ፣ ኪሴ ውስጥ ያለውን ኪኒን ስጠኝ' አለችኝ። ያንቺ ሳይሆን የኔ ኪስ ነው ብላት 'አዎ፣ ያንተ ኪስ። ደግሞ እንዳልጠፋ ስጠኝ' አለችኝ። ምን ልበላት? ውሃም አልነበረም፤ ሻይ አፍልተው አመጡልን፣ እስኪቀዘቅዝ ያዝኩላት።»

ያን ጊዜ ሐረግን ሻይ ጠጪ ብዬ ባለቤቲቱ ጋ ሰደድኳትና የግንቦቱን ነገርኩት። ሁሉንም፤ የነጠላውን ጭምር። የደበቅኩህ አንተን ፈርቼ ነው አልኩት። ይጮሃል ብዬ በሩን ዘግቼ ነበር። ተነሣ፤ በአጠገቤ አልፎ ወጣ።

ሐረግ ስትመለስ ፊቴን አይታ አወቀች። ከመጣሁ ወዲህ ያናገረችኝ ያኔ ነው።
«እማ፣ ገደሉን ነገርሽው?»
«አዎ።»
«ተቆጣ?»
«አልተቆጣም። ውጭ ነው፤ ያለቅሳል መሰለኝ።»
«አባዬ?» አለች። መስኮቱ ጋ ሄዳ በመስታወቱ አየችው። አጥሩን ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ብዙ ቆማ አየችው፤ አንድ ቦታ ላይ ያን ያህል ስትቆም አይቼ አላውቅም። ከዚያ ጋቢውን ከአልጋው ላይ ሳበችና «ብርድ ይመታዋል» ብላኝ ወጣች።

እሷ ልታለብሰው ሄዳ፣ እሱ ሲያለብሳት ነው ያየሁት። የተነጋገሩትን አልሰማሁም። ለሐኪሙ ምን እንደምንል፣ መስከረም ላይ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚቀበላት፣ ለብዙዬ ምን እንደምመልስ ገና አላውቅም። ፈንታሁን ወደ ጠበሉ ይሁን ወደ አንቺ አፉን አውጥቶ አልነገረኝም። አለኸኝ ግን ቅድም መጥቶ «ጋሽ ፈንታሁን ነገ ከናዳው ማዶ ለደሴ መኪና ሦስት ቦታ ያዝልኝ ብሎኛል፤ እውነት ነው?» አለኝ።

ዝናቡ ጀመረ። ሁለቱም ደጅ ናቸው፤ እዚህ ላይ ላቁምና ልጥራቸው።

እህትሽ ሰብሌ